የቆሰለ አንጎልን ያስተማረው ሐኪም

በሥነ ልቡና ትምህርታችን የቪጎትስኪ ስም በተነሣ ቁጥር ተከትሎ የሚመጣ አንድ ስም አለ፤ አሌክሳንደር ሮማኖቪች ሉሪያ። ለፈተና ሸምድደነው እናልፋለን እንጂ ሰውየው ምን ሠራ ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ሕይወቱን እዚህ ግድግዳ ላይ እንድንጽፍ ያነሣሣን ግን ፈተና አይደለም፤ ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ነው። ከመኪና አደጋ ተርፎ፣ የራሱ ቁስል ሽሮ፣ በእግሩ እየሄደ ቤቱ ገባ። ታዲያ ሱቅ ሲላክ ምን ሊገዛ እንደወጣ ይጠፋዋል። ጎረቤቱ ሁሉ ድኗል ይላል፤ ሲረሳ ደግሞ ሰነፈ ይለዋል። እንዲህ ላለ ሰው ምን ይደረግለታል ብለን ስንጠያይቅ ነው ሉሪያን በደንብ ያወቅነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሉሪያ በ1902 በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በካዛን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። በ1924 በአንድ የሥነ ልቡና ጉባኤ ላይ አንድ የማይታወቅ ወጣት ሲናገር ሰምቶ ተደነቀ። ያ ወጣት ጎሜል ከምትባል ከተማ የመጣው ቪጎትስኪ ነው። እዚያ ምን ይሠራ ነበር ብትሉ፣ እንደኛው ባለ የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምር ነበር!

ሁለቱ አብረው መሥራት ጀመሩ። ካዩአቸው በሽተኞች መካከል የፓርኪንሰን በሽታ የያዛቸው ይገኙ ነበር። እነዚህ ሰዎች በደልዳላ ወለል ላይ አንድ እርምጃ መራመድ እያቃታቸው ደረጃ ግን ይወጣሉ። እንዴት ነው ነገሩ? ደረጃው ለእያንዳንዱ እርምጃ ምልክት ይሰጣል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት በየእርምጃው ርቀት ደረደሩላቸው፤ በሽተኛውም ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየተሻገረ ሄደ። የሉሪያ የኋላ ሥራ ፍሬ ነገር እዚህች ወረቀት ላይ አለ ብንል አልተሳሳትንም።

ቪጎትስኪ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ በ37 ዓመቱ ሞተ። ሉሪያ በሕክምና ትምህርት ገፍቶ በ1937 ተመረቀ። ጦርነቱ በ1941 ሲመጣ በኡራል ተራሮች አካባቢ ኪሴጋች በተባለ ሥፍራ አንድ ባለ 400 አልጋ የማረፊያ ቤት ወደ ሆስፒታል ተለውጦ ጭንቅላታቸውን ለተመቱ ወታደሮች ተሐድሶ ተሰጠው።

እዚያ ያለው ሥራ ከመርፌ ይልቅ ጠመኔን ይመስል ነበር። ጥይት ያጠፋውን የአንጎል ክፍል ሐኪም አይመልሰውም። ሉሪያ ግን ማንበብም ሆነ መናገር የብዙ የአንጎል ክፍሎች የደቦ ሥራ ነው ይል ነበር፤ ከደቦው አንዱ ቢጎድል ሥራው ይቆማል፣ ሆኖም የጎደለውን ቦታ ሌላ እንዲሸፍን ማለማመድ ይቻላል። ድልድዩን ጎርፍ ሲወስደው መንደርተኛው በላይ በኩል ዞሮ እንደሚሻገር ማለት ነው። ፊደልን በዓይኑ መለየት የተሳነው ቁስለኛ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ እንዲለይ ተደረገ። ሐሳቡን አያይዞ መተረክ ያቃተው ነጥቦቹን በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል እየደረደረ ይተርክ ጀመር።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስሕተቱን መመርመር ነበረበት። ሁለት ሰዎች ማንበብ ቢያቅታቸው ምክንያቱ አንድ ላይሆን ይችላል፤ አንዱ ቅርጹ ይጠፋዋል፣ ሌላው ድምፁ። ሁለቱንም በአንድ ዘዴ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው። እኛ በተግባር ልምምድ ጊዜ ደብተር ላይ የኤክስ ምልክት ብቻ አድርገን ስንመልስ የነበርን ሰዎች ይህን ስናነብ ትንሽ አፍረናል።

በ1943 ጸደይ መጨረሻ ወደ ኪሴጋች አንድ የ23 ዓመት መኮንን መጣ። ስሙ ዛሴትስኪ ነው። ከጦርነቱ በፊት የቴክኒክ ተማሪ ነበር። መጋቢት 2 ቀን ጥይት የግራ አንጎሉን የኋላ ክፍል መታው። ከዚያ ወዲህ ከዓለም ቀኝ ወገን ለእርሱ የለም፤ አያየውም። ፊደል ጠፋው፣ ቁጥር ጠፋው። የአባት ወንድምና የወንድም አባት ልዩነታቸው ምን እንደሆነ ቢጨነቅ ቢጠበብ አልገባህ አለው።

እንደ ሕፃን ከሀሁ ጀመረ። ማንበቡ እጅግ አዝጋሚ ሆነ። መጻፉም እንዲሁ ነበር፤ የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ ለማስታወስ ሲታገል ቀኑ ይመሻል። አንድ ቀን ሐኪሙ፣ ፊደል ፊደሉን ትተህ እጅህን ሳታነሣ ቃሉን ባንዴ ጻፍ አለው። ዛሴትስኪም ደም የሚለውን ቃል ጻፈ፤ ጽፎ ሲያበቃ ግን የጻፈውን ማንበብ አቃተው! ዓይኑ የረሳውን እጁ አልረሳውም ነበር። የጎሜሉ መምህርና ጓደኛው ወለል ላይ የደረደሩት ወረቀት እዚህም ሠራ፤ በተዘጋው መንገድ ፈንታ ሌላ ተገኘ።

ሆስፒታሉን ሲለቅ ወደ እናቱና እኅቶቹ ቤት ተመለሰ። ሥራ አልያዘም፤ በሰፈሩ መንገድ ይጠፋው ነበር። መቼም ቤተ ሰቡ የተሸከመውን ሸክም የቀመሰው ያውቀዋል። እርሱ ግን ማለዳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሕይወቱን ታሪክ ይጽፍ ነበር። አንዳንድ ቀን ከጥቂት መስመር አያልፍም፤ ትናንት የጻፈውን ለማስታወስም ይቸገራል። እንዲህ እያለ በ25 ዓመት 3000 ገጽ ያህል ጻፈ። ሉሪያም አልተወውም፤ ቁስለኛ ከሆስፒታል በወጣ ጊዜ መዝገቡ ይዘጋል የሚል ሐኪም አልነበረምና ሠላሳ ዓመት ያህል ተከታተለው።

የሉሪያ መንገድም አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1950 ግድም ከአንጎል ቀዶ ሕክምና ተቋሙ ተባረረ፤ ለዓመታት በአእምሮ ዕድገት ወደ ኋላ ከቀሩ ሕፃናት ጋር ሲሠራ ቆይቶ በኋላ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። በ1971 የዛሴትስኪን ጽሑፍ ከራሱ ማብራሪያ ጋር አድርጎ በመጽሐፍ አወጣው።

እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ ዛሴትስኪ አልዳነም። የጠፋው ግማሽ ዓለም አልተመለሰለትም። የጓደኛችን እናት ይህን ስንነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ ታዲያ የኔን ልጅ በምን ልጀምርለት አሉን። የሚገዛውን ነገር በሥዕል ቁራጭ ወረቀት ላይ እያደረግን ኪሱ ከተትንለት። ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ ስኳሩን ይዞ ይመለሳል፤ የሳሙናዋን ወረቀት ግን ሁለት ጊዜ ኪሱ ውስጥ ረስቷታል።

ሉሪያ በነሐሴ 1977 ሞስኮ ውስጥ በልብ ሕመም ሲሞት 75 ዓመቱ ነበር። ዛሴትስኪ በሕይወት ነበረ።