ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የእኛ ቲማቲም

በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ለምትማሩ እህቶች፣ ዲግሪው ሳይኖራቸው ትምህርቱን በአማርኛ የጻፉልንን ሰው ላስታውሳችሁ።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው መተማ ጦርነት ላይ ቀሩ። ልጅ ሳሉ ምጽዋ ላይ መርከብ ለማየት እንደ ወጡ መርከቡ ይዟቸው ሄደ፤ አንድ ኦስትሪያዊ ባለጸጋ አሳደጋቸው። በርሊን የተማሩት ሕክምና ነው። ተመልሰው ለአጤ ምኒልክ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆኑ፤ ኋላም የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ። ጉምሩክ ደግሞ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፦ ቡናና ቆዳ ሲወጣ፣ ልብስና ጠመንጃ ሲገባ ይታያል።

«መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚገኝ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ካለው ጋር ሲነግድ ብዙ ድካሙን በጥቂት እንደሚለውጥ አስረድተዋል። ይህ ለቆቃ ሴት አዲስ ነገር አይደለም። ቲማቲሙን በሳጥን፣ ነጋዴ በቆረጠው ዋጋ እንሸጣለን፤ የበዛ ጊዜ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ከዚያ ከሱቅ በቆርቆሮ የታሸገ የቲማቲም ድልህ እንገዛለን። ትርፉ ማሸጉን ከሚያውቀው ዘንድ ይቀራል።

ነጋድራስ በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመታቸው አረፉ። መጽሐፉ የታተመው በ1916 ዓ.ም. ነውና ታትሞ አላዩትም።

ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ገና ያልመረጣችሁ ካላችሁ፣ ቲማቲሙ እዚሁ አለ። ስንት ሳጥን በስንት እንደ ሸጥን፣ ስንቱ እንደ ተበላሸ ቆጥሮ የጻፈልን ሰው እስካሁን የለም።