እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

እንዶድ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው እንግዳ ተክል አይደለም። የፋብሪካ ሳሙና ከመስፋፋቱ በፊት በደጋው አገራችን ጋቢና ቀሚስ የሚጸዳው የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ከተወቀጠ በኋላ በሚሰጠው አረፋ ነበር። ሁሉም ሲያየው የኖረውን ይህን አረፋ በሐኪም ዓይን የተመለከቱት ግን ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የጥገኛ ተሕዋስያን ሊቅ ነበሩ። በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው ተመለከቱ። ከላይ ካለው ውኃ ሕያዋኑን አስለቅመው በአረፋው ቢፈትኗቸው እነዚያም ሞቱ። የበሽታው ትል ወደ ሰው ከመዝለቁ አስቀድሞ በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚያድግ በመሆኑ፣ ቀንድ አውጣው ሲጠፋ የበሽታው መንገድ ይቋረጣል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ከ1969 እስከ 1974ም የዓድዋ ወንዞች በእንዶድ ታከሙ። በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ በሽታው ከመቶ 63 ወደ 34 ሲወርድ፣ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ ግን ከ50 ወደ 7 ወረደ። ልዩነቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ትሉ በአዋቂው ሰውነት ለዓመታት ስለሚኖር፣ የመከላከሉ ሥራ ፍሬ ቀድሞ የሚታየው ገና ባልተያዘው ሕፃን ነው።

ነገር ግን እንዶድ አንድ ጊዜ ተረጭቶ የሚተው መድኃኒት አይደለም። ከሞት የተረፉ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ወንዙን መልሰው ይሞሉታል። ስለዚህ በየወቅቱ ፍሬውን የሚለቅም፣ የሚያደርቅ፣ የሚፈጭና መጠኑን ለክቶ የሚጨምር ሰው ያስፈልጋል። የአምስቱ ዓመት ሙከራ ካበቃ በኋላ ዓድዋ ከበሽታው ነፃ ሆና አልቀረችም። እንደ እኔ አስተያየት፣ ከግኝቱ ይልቅ ይህ ክፍል ለእኛ ሙያ ይበልጥ አስተማሪ ነው።

የዓለም አቀፍ ድርጅቶች በበኩላቸው የእንዶድ መርዛማነት በራሳቸው መመዘኛ እስኪፈተን ድረስ ድጋፋቸውን አዘገዩ። ፈተናው የተካሄደው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እስከዚያው ድረስ የታወቀው ማጥፊያ በውድ ዋጋ ከውጭ የሚገዛው ኬሚካል ነበር። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተሻለውን የእንዶድ ዝርያ በመምረጥ ደከሙ፤ ሁለቱም በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በአንድነት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ ኢንስቲትዩታቸውን ከለቀቁ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገልግለው በ1997 ዐረፉ። ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ከ2022 ወዲህ በሸገር ከተማ የተጠቃለሉት ሦስቱ ከተሞቻችን ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለሆኑ ቢልሃርዚያ በወንዞቻቸው እምብዛም አይሠራጭም። ሆኖም ከጣና ዳር ወይም ከባቱ ሐይቅ አካባቢ ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት በሽታውን በሰውነቱ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሆዱን አሞት ጤና ጣቢያ ሲገባ ቀድሞ የት ውኃ እንደሚዋኝና እንደሚታጠብ የሚጠይቀው ባለሙያ ከዚያ ሲዛወር፣ ተተኪው ያንኑ ጥያቄ በካርዱ ላይ ተጽፎ ማግኘት አለበት።