አይሮፕላንን ከጀልባ ያጋባው ግሌን ኩርቲስ

አይሮፕላንን ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ፥ የራይት ወንድማማቾች ናቸው ብሎ የማይመልስ ተማሪ ከመካከላችን አይገኝም። ዳሩ ግን አይሮፕላን ከውሃ ላይ እንዲነሣና በውሃ ላይ እንዲያርፍ የደከሙት እነማን ናቸው ቢባል፥ ብዙዎቻችን ዝም ብለን እንቀራለን። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት እስክነሣ ድረስ ዝም ከሚሉት አንዱ ነበርሁ። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የግሌን ኩርቲስን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢያን አቀርባለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ግሌን ኩርቲስ በሜይ 21 ቀን 1878 ዓ.ም. በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፥ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፥ ሃሞንድስፖርት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከተማይቱ በኪዩካ ሐይቅ ዳር የተቈረቈረች ናት። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። ሩታ የምትባለው እኅቱም በበሽታ ምክንያት መስማት ተሳናት። እናቲቱም ልጅቱን መስማት ለተሳናቸው በተከፈተው ትምህርት ቤት ለማስተማር ብላ ወደ ሮቸስተር ከተማ ሄደች። ግሌን ግን ከስምንተኛ ክፍል በላይ ሳይዘልቅ ትምህርቱን አቋርጦ፥ የፎቶግራፍ ዕቃ በሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጠረ።

ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወደው ፍጥነትን ነበር። በቢስክሌት እሽቅድምድም ስሙ ከታወቀ በኋላ፥ በትውልድ ከተማው የቢስክሌት መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ቀጥሎም በቢስክሌት ላይ ሞተር መግጠም ጀመረ። ችግር ብልኀትን ይወልዳል እንደሚባለው፥ ቤንዚንና አየር የሚደባለቁበትን ካርቡራተር የሠራው ከባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ነበር። በ1907 ዓ.ም. ስምንት ሲሊንደር ባለው ሞተር ብስክሌት፥ በፍሎሪዳ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ በሰዓት 136 ማይል በሚደርስ ፍጥነት በመንዳቱ የዓለምን ሕዝብ አስደነቀ።

ሞተሮቹ ቀላልና ብርቱ ስለ ነበሩ፥ የቴሌፎን ፈልሳፊ የሆነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1907 ዓ.ም. በአየር ላይ ለመብረር ባቋቋመው ማኅበር ውስጥ አስገባው። በጁላይ 4 ቀን 1908 ዓ.ም. ኩርቲስ ጁን በግ የተባለውን አይሮፕላን በሕዝብ ፊት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አብርሮ ሽልማት ተቀበለ። በሚከተለውም ዓመት በፈረንሳይ አገር በሬምስ ከተማ በተደረገው የፍጥነት ውድድር አሸነፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በዚያን ጊዜ ለአይሮፕላን የተዘጋጀ ሜዳ እምብዛም አልነበረም። ለኩርቲስ ግን ሰፊውና ዛፍ የሌለበት ሜዳ ከደጁ ነበረ፤ እርሱም ሐይቁ ነው። በ1908 ዓ.ም. መጨረሻ ከጓደኞቹ ጋር ጁን በግን በሁለት ተንሳፋፊዎች ላይ አቁመው በሐይቁ ላይ ሞከሩት። አይሮፕላኑም በፍጥነት ተንሸራተተ፤ ነገር ግን ውሃው ይዞ አልለቅም አለው።

በመጨረሻ ውሃን አሸንፎ የተነሣው የመጀመሪያው ሰው ፈረንሳዊው አንሪ ፋብር ነው። እርሱም ከዚያ በፊት አንድ ቀን እንኳ በርሮ የማያውቅ ሰው ሲሆን፥ በማርች 28 ቀን 1910 ዓ.ም. በማርሴይ አቅራቢያ ካለው ከቤር ሐይቅ ላይ ተነሥቶ በደኅና አረፈ። ስለዚህ መጀመሪያነቱ የፋብር መሆኑን መካድ አይገባም። የባሕሩን አይሮፕላን ለሥራ የሚጠቅም መሣሪያ አድርጎ ለዓለም ያዳረሰው ግን ኩርቲስ ነው። በጃንዋሪ 26 ቀን 1911 ዓ.ም. በሳን ዲዬጎ ወሽመጥ ከውሃ ተነሥቶ በረረ። በፌብሩዋሪ 17 ቀንም ፔንሲልቫኒያ ወደምትባለው የጦር መርከብ ሄዶ በአጠገቧ ካረፈ በኋላ፥ አይሮፕላኑን በመርከቢቱ ማንሻ ወደ ላይ አወጡት፤ መልሰውም ወደ ባሕር አወረዱለትና በርሮ ተመለሰ።

ከዚህም በኋላ ተንሳፋፊ በመግጠም ብቻ አልረካም፤ የአይሮፕላኑ አካል ራሱ ጀልባ እንዲሆን ፈለገ። ነገር ግን የረጠበ ሰሐን ከጠረጴዛ ላይ ሲያነሡት እንደሚጣበቅ ሁሉ፥ ውሃው የጀልባውን ሆድ አጥብቆ ይይዘው ነበር። በ1912 ዓ.ም. በጋ ኩርቲስ በጀልባው ሆድ ሥር እንደ ደረጃ ያለ እርከን ሠራ። ጀልባው ሲፈጥን አየር በእርከኑ በኩል ገብቶ ውሃውን ከእንጨቱ ስለሚያላቅቀው፥ አይሮፕላኑ ተነሣ። ይህ ትንሽ የምትመስል እርከን ከዚያ ወዲህ በተሠሩት በራሪ ጀልባዎች ሁሉ ሥር ትገኛለች።

በ1914 ዓ.ም. አትላንቲክን ለመሻገር አሜሪካ የተባለ ባለ ሁለት ሞተር በራሪ ጀልባ ሠራ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ጉዞው ቀረ። እንግሊዞች ጀልባውን ገዝተው፥ እንደ እርሱ ያሉትንም አሠርተው ባሕራቸውን ይጠብቁበት ጀመር። አትላንቲክን በአየር መሻገር የተቻለው በሜይ 1919 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኤን ሲ 4 የተባለው የባሕር ኃይልና የኩርቲስ ፋብሪካ ሥራ የሆነው በራሪ ጀልባ፥ በአዞረስ ደሴቶች እያረፈ በዚያው ወር በ27 ቀን ሊዝቦን ገባ።

የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን መልካሙን ብቻ መርጦ መጻፍ አይገባውም። ራይት ወንድማማቾች መብታችንን ነካህብን ብለው ኩርቲስን ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ተከራከሩት፤ በ1914 ዓ.ም. መጀመሪያም ተፈረደላቸው። በዚያው ዓመት ኩርቲስ በስሚትሶኒያን ተቋም ፈቃድ አንድ አሮጌ አይሮፕላን ተረከበ። ይህም ሳሙኤል ላንግሌ ሠርቶት በ1903 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ወንዝ ውስጥ የወደቀው ነው። ኩርቲስ ተንሳፋፊ ገጥሞ፥ ብዙ ነገሩንም ለውጦ፥ በኪዩካ ሐይቅ ላይ ጥቂት አበረረው። ከራይቶች በፊት መብረር የሚችል አይሮፕላን ነበረ ቢባል፥ ክርክሩ ለእርሱ ይቀልለት ነበርና። ተቋሙም የተደረገውን ለውጥ ሳይገልጽ አይሮፕላኑን በቤተ መዘክሩ አቆመው። ኦርቪል ራይት በዚህ አዝኖ፥ የመጀመሪያውን አይሮፕላናቸውን በ1928 ዓ.ም. ወደ ለንደን ላከው። ስሚትሶኒያን እውነቱን ያወጣው በ1942 ዓ.ም. ሲሆን፥ አይሮፕላኑ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1948 ዓ.ም.፥ ኦርቪል ከሞተ በኋላ ነው።

በ1929 ዓ.ም. የሁለቱ ባላንጣዎች ኩባንያዎች ተዋሕደው ኩርቲስ ራይት ተባሉ። ኩርቲስም በጁላይ 23 ቀን 1930 ዓ.ም.፥ በትርፍ አንጀት ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፥ በ52 ዓመቱ በቡፋሎ ከተማ ሞተ። የተቀበረውም በሃሞንድስፖርት ነው።

ይህ ሁሉ ሊረሳ ይችል ነበር። የጥንቶቹ የባሕር አይሮፕላኖች ከእንጨትና ከሸራ የተሠሩ በመሆናቸው፥ የሚጠብቃቸው ካላገኙ በስብሰው ይጠፋሉ። የፋብር አይሮፕላን ግን በፓሪስ አጠገብ፥ ኤን ሲ 4 በፍሎሪዳ፥ በጥንቃቄ ተቀምጠዋል። በሃሞንድስፖርትም በኩርቲስ ስም ቤተ መዘክር ቆሞ፥ በጎ ፈቃደኞች የአሜሪካን አምሳያ እንደ ጥንቱ ሠርተው በ2008 ዓ.ም. በዚያው በኪዩካ ሐይቅ ላይ አበረሩት። እነዚህ ሰዎች የሠሩት እንደ ላንግሌ አይሮፕላን አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል አይደለም፤ ሥራቸው አምሳያ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል።

ውድ ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በ1908 ዓ.ም. ውሃ ይዞ ያስቀረው ሰው ተስፋ ሳይቈርጥ በመድከሙ ውሃን ማሸነፉ ነው። ሁለተኛው፥ የቀድሞ ሰዎችን ሥራ መጠበቅ ዕቃውን ከብል ማዳን ብቻ አለመሆኑ ነው። ዕቃው በደኅና ተቀምጦ ታሪኩ ቢጣመም፥ ያ ዕቃ ይዋሻል። እኛም ነገ የአያቶቻችንን ሥራ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ፥ ድላቸውን ከነጥፋታቸው እንጻፍ።