ዶክተር አክሊሉ ለማና ያልበሰለው የእንዶድ ፍሬ

ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ በአራዳና በቅድስት ሥላሴ ዙሪያ በነበሩት መንደሮች የክት ልብስ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። የሥላሴ ዓመታዊ በዓል፣ የጥር 7ቱም ሆነ የሐምሌ 7ቱ፣ ሲቃረብ ከገበያ የተገዛው ደረቅ ፍሬ ይወቀጣል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ አረፋው ሲነሣም ነጠላው፣ ቀሚሱና ጋቢው ይታሽበታል። ይህ የእናቶች ዕውቀት ከደብሩ ብዙም ወደማይርቀው ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የገባው ግን በአድዋ በኩል ዞሮ ነው። ያስገቡትም ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከተማሩ በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በጥገኛ ተሕዋስያን ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያልሞላቸው ወጣት ምሁር ነበሩ። የመረጡት የምርምር መስክ ቢልሃርዝያ ሲሆን፣ ይህ በሽታ በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። ትሉ በቀንድ አውጣው ገላ ውስጥ ተራብቶ ወደ ውሃው ይወጣና ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን፣ መስኖ የሚያጠጣውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ከተቻለ የትሉ መንገድ ተቆረጠ ማለት ነው። ለዚሁ ተግባር በውጭ አገር ፋብሪካዎች የሚሠሩ ኬሚካሎች ቢኖሩም፣ የዋጋቸው ውድነት በበሽታው ለሚጠቁት ድሆች አገሮች የሚቀመስ አልነበረም።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ የቀንድ አውጣዎቹን ሥርጭት ለማጥናት አድዋ ወረዱ። ወንዙን ተከትለው ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው አገኙ፤ ከሌሎቹ ስፍራዎች ይልቅ የሞተው የሚበዛው እዚያ ነበር። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ለቅመው ከእንዶዱ አረፋ ጋር ቢያገናኟቸው ሞቱ። ያንን ወንዝ ብዙ ሰው ተሻግሮታል፤ የሞቱትንም ቀንድ አውጣዎች ብዙ ሰው ሳያያቸው አልቀረም። ወጣቱ ሊቅ ግን ዓይናቸውን ከቀንድ አውጣው አንሥተው ወደ አጣቢዎቹ መለሱ። በእኔ ግምት የሥራቸው ትልቁ እርምጃ ይኸው ነው።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው መምራት ጀመሩ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስም በአድዋ ሰፊ የመስክ ሙከራ ተካሄደ። የአካባቢው ሰው የለቀመው እንዶድ እየተፈጨ በወንዞቹ ውስጥ ተጨመረ። በሙከራው መጨረሻ በጠቅላላው ሕዝብ ላይ የበሽታው መጠን ከመቶ 63 ወደ 33 ሲወርድ፣ ከስድስት ዓመት በታች በሆኑት ሕፃናት ላይ ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አለ። የሕፃናቱ ቁጥር የበለጠ ሊታመን የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም አዋቂው የቀድሞውን ትል በሰውነቱ ተሸክሞ የሚቆይ ሲሆን፣ ሕፃኑ ግን የሚያሳየው በሙከራው ዓመታት አዲስ የተያዘውን ነው።

ይሁን እንጂ ማንኛውም የእንዶድ ፍሬ ይህን ውጤት አይሰጥም። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሊያተኩሩበት የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ይገኛል።

እንዶድ ወንዴውና ሴቴው በተለያየ ግንድ ላይ የሚያብቡ ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ነው። ፍሬው በዘለላ ይንጠለጠላል፤ ጥሬው አረንጓዴ ሲሆን፣ ሲበስል ይቀላል። ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይሉ የሚበረታው ፍሬው ሙሉ መጠኑን ከያዘ በኋላ፣ ነገር ግን ቀለሙን ከመለወጡ በፊት ነው፤ እየበሰለ ሲሄድ ኃይሉ ይቀንሳል። ለዓይን የሚያምረው ቀይ ፍሬ ለሥራው ደካማው ነው። ለቀማው ጥቂት ከዘገየ ሚዛን ላይ ያው የሆነ ምርት ወንዝ ውስጥ ሲገባ ያው አይሆንም።

ይህ በእንዶድ ብቻ የሚታይ ጠባይ አይደለም። ዘሩ ሳይጠነክር ፍሬው እንዳይበላ ዕፅዋት ጥሬ ፍሬያቸውን በመራራና በመርዛም ንጥረ ነገር ያጥራሉ፤ ዘሩ ሲደርስ አጥሩን አፍርሰው፣ በቀለምና በጣፋጭነት ወፉን ይጋብዛሉ። የዚህን ለውጥ አሠራር ሳይንስ ከማንኛውም ፍሬ ይልቅ አብልጦ ያወቀው በቲማቲም ነው። ኤትሊን የተባለው ጋዝ በዕፅዋት ላይ የሚሠራ መሆኑን ኔልዩቦቭ የተባለ ሩስያዊ በ1901 አሳየ፤ ፍሬ ራሱ ኤትሊን የሚያመነጭ መሆኑን ደግሞ እንግሊዛዊው ጌን በ1934 አረጋገጠ። ሙዝ ነጋዴ ጥሬውን ከበሰለው ጋር አፍኖ የሚያስቀምጠው ይህንኑ ሆርሞን ሳያውቀው እየተጠቀመበት ነው። ጥሬ ቲማቲም ቶማቲን የሚባል፣ በጠባዩ ከእንዶዱ ሳፖኒን ጋር የሚዛመድ መራራ ንጥረ ነገር አለው፤ ፍሬው ሲበስል በኤትሊን ትእዛዝ ቶማቲኑ መራራነት ወደሌለው ሌላ ውሁድ ይለወጣል።

የሆርሞኑ ትእዛዝ እንዲፈጸም ግን ጂኖቹ መከፈት አለባቸው። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የቲማቲም ፍሬ ሲጎለምስ የብስለት ጂኖች አካባቢ በዲ.ኤን.ኤው ላይ ተለጥፈው የነበሩት የሜቲል ምልክቶች ይነሣሉ። ፊደሉ አንድም ሳይለወጥ የተዘጋው ገጽ ይገለጣል ቢባል ይቀላል፤ ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው የጥናት ዘርፍ የሚመረምረው ይህን ነው። በ2006 የተገለጸ አንድ የቲማቲም ዝርያም አለ፤ የጂኑ ፊደል ደኅና ሳለ ምልክቱ በዝቶበት ፍሬው ሳይቀላ ይቀራል። ዶክተር አክሊሉ በአድዋ ሲሠሩ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው አልታወቀም ነበር። ፍሬው መቼ መለቀም እንዳለበት የታወቀው እያንዳንዱን የብስለት ደረጃ በቀንድ አውጣ ላይ በመሞከር ነው።

የፍሬው ኃይል ምንጭ የሆነው ሳፖኒን በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት በሰባዎቹ መጀመሪያ ተለይቶ ሲወጣ፣ ለእርሳቸው መታሰቢያ ለማቶክሲን ተባለ። በኋላም አንድ አስገራሚ ነገር ተገኘ። በደረቁ ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ሳፖኒን በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት የታሰረ ሲሆን፣ በዚህ መልኩ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲዘፈዘፍ የራሱ ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠውና ገዳዩ መልክ ይወጣል። በአልኮል ቢጨመቅ ኢንዛይሙ ሥራውን ስለሚያቆም ያልተቆረጠው ይገኛል። የእናቶቻችን ሙቀጫና ቀዝቃዛ ውሃ ከአልኮሉ የተሻለ ኬሚስት ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ማስረጃ ቀርቦም እንዶድ ለብዙ ዓመታት በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ዘንድ ተቀባይነት አላገኘም። የዓለም የጤና ድርጅት መርዛማነቱ ጥብቅ ደንብ ባላቸው ቤተ ሙከራዎች እንዲመረመር ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ወደ ሰው መጠጥ ውሃ የሚገባ ነገር ሊመረመር ይገባዋል፤ እንዶድ ዓሣንም እንደሚገድል የታወቀ ነው። ችግሩ ያንን ምርመራ የሚያካሂድ ቤተ ሙከራ በአፍሪካ አለመኖሩና ወጪውን የሚሸፍን አለመገኘቱ ነበር። ትርፍ የሚጠብቅ ኩባንያ በየአጥሩ ለሚበቅል ተክል ገንዘብ አያወጣም። ዶክተር አክሊሉ ችግሩ የእንዶድ ብቻ ሳይሆን የአፍሪካ ሳይንስ ሁሉ መሆኑን በየጉባኤው ሲያስረዱ ኖረዋል። በመጨረሻ በደንቡ መሠረት የተደረገውና በ1991 የታተመው ምርመራ፣ ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ የሚቆጣ ቢሆንም በዘር ላይ ለውጥ የማያስከትል መሆኑን ገለጠ። ከአድዋው ግኝት እስከዚያ ድረስ 27 ዓመታት አልፈዋል።

እርሳቸው በዚህ መካከል ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገልግለዋል፤ በፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ማእከልም ምክትል ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሲሰጣቸው፣ እንዶድ የታላላቆቹን ሐይቆች የውሃ ቱቦዎች የሚደፍነውን የሜዳ አህያ መልክ ያለውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድልም ተረጋገጠ። ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አገልግሎት የፈጠራ ባለቤትነት መብት በስሙ አወጣ፤ የአገር ዕውቀት ባለቤት ማን ነው የሚለው ክርክርም በእንዶድ ስም ዓለምን ዞረ።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዶክተር ለገሠ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍሎች ከተሰበሰቡት የእንዶድ ዓይነቶች መካከል በኃይሉና በምርቱ አብልጠው የመረጡት ቁጥር 44 ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተወስዶ ተተክሏል። ከዘሩ የሚበቅለው እናቱን ስለማይመስልና ወንዴም ሊሆን ስለሚችል የሚራባው በቁራጭ ነው፤ የሚለቀመውም አረንጓዴ ሳለ ነው።