ኤድዋርድ ቦይድ፦ ለስላሳ ሸጠው በር የከፈቱት ጥቁር አሜሪካዊ

እ.አ.አ. በመስከረም 2014 ጁባ ላይ የወጣ አንድ መመሪያ በሆቴል፣ በባንክ፣ በቴሌኮምና በእርዳታ ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ የውጭ ዜጎችን አስደንግጦ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። የደቡብ ሱዳን የሥራ ሚኒስቴር ድርጅቶች በአንድ ወር ውስጥ የውጭ ሠራተኞችን አሰናብተው በአገሩ ተወላጆች እንዲተኩ አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዙ ለዘብ ተደረገ። ከትእዛዙ በስተጀርባ የነበረው ጥያቄ ግን አብሮ አልተሻረም፦ በገዛ አገሩ ገበያ ገዢ ብቻ ሆኖ የኖረ ሰው ሻጭ፣ ከዚያም ኃላፊ የሚሆነው በምን መንገድ ነው?

ይኸው ጥያቄ ከዚያ 67 ዓመታት ቀደም ብሎ አሜሪካ ውስጥ ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ መልስ ከሰጡት ሰዎች አንዱ ኤድዋርድ ፍራንሲስ ቦይድ ናቸው።

ቦይድ በ1914 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ሪቨርሳይድ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ብቻ ይገኙበት በነበረው የሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ተመረቁ። በኋላም ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው፣ ለጥቁሮች የሥራና የመኖሪያ ቤት መብት ይሟገት በነበረው ናሽናል ኧርባን ሊግ ውስጥ አገለገሉ። ፔፕሲ ኮላ በ1947 ለሽያጭ ሥራ ሲጠራቸው ከዚያው ድርጅት ነበር ያገኛቸው።

ፔፕሲ በዚያን ጊዜ ከኮካ ኮላ እጅግ ያነሰ ኩባንያ ነበር። ተፎካካሪው በአምስት ሳንቲም ከሚሸጠው መጠን እጥፍ የሚጠጋ መጠጥ በዚያው ዋጋ ያቀርብ ስለነበር ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ደንበኞች ይወዱት ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዋልተር ማክ ሌሎች ኩባንያዎች ችላ ያሉት የጥቁሮች ገበያ እንዳለ ተገነዘቡ። በ1940 ሄርማን ስሚዝ የተባሉ ጥቁር ሻጭ ቀጥረው ሥራውን ጀምረው የነበረ ቢሆንም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋረጠው። ቦይድ የተቀጠሩት ይህን ጅምር እንደገና እንዲያቋቁሙና ጥቁር ሻጮችን መልምለው እንዲመሩ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። በዘመኑ ማስታወቂያዎች ጥቁር ሰው ከታየ የሚታየው በአብዛኛው አገልጋይ፣ ምግብ አብሳይ ወይም መሳቂያ ሆኖ ነው። ቦይድ ይህን ልማድ ገለበጡት። ባሠሯቸው ማስታወቂያዎች ላይ ጥቁር ቤተሰብ በሥርዓት ለብሶ፣ በራሱ ቤት፣ ፊቱ በፈገግታ በርቶ ይታያል። በአንዱ ማስታወቂያ ላይ ወደ ለስላሳው ጠርሙሶች እጁን የዘረጋው ሕፃን ሮን ብራውን ነበር። ይህ ሕፃን አድጎ በ1993 የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር ሆነ፤ በዚያ ሥልጣን ላይ ከጥቁሮች የመጀመሪያው ነው።

ቦይድ በተለያዩ ሙያዎች የላቁ ጥቁር አሜሪካውያንን ሕይወት የሚያስተዋውቅ ተከታታይ ማስታወቂያም አዘጋጁ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ በ1950 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት የተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማት ራልፍ በንች ነበሩ። ጥቁር ዶክተርና ምሁር በመማሪያ መጻሕፍት እምብዛም በማይጠቀስበት ዘመን፣ አንድ የለስላሳ መጠጥ ማስታወቂያ የዕውቀት ማስተላለፊያ ሆነ።

የቦይድ ትልቁ ሥራ ግን በጋዜጣ ገጽ ላይ አልታየም። የመለመሏቸው ወጣቶች በመጨረሻ 12 ደርሰው ነበር። ኮሌጅ የተማሩ፣ ነገር ግን በቆዳቸው ቀለም ምክንያት በታላላቅ ኩባንያዎች ቢሮ ቦታ ያላገኙ ሰዎች ናቸው። ቦይድ ገበያ ማጥናትን፣ ንግግር ማድረግን፣ ከባለ ሱቅም ከፋብሪካ ባለቤትም ጋር ሳይሽቆጠቆጡ መነጋገርን አሠለጠኗቸው። ወጣቶቹ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ ወደ ገበያ ይዘዋወሩ ነበር።

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ዘርን የሚለያይ ሕግ በሥራ ላይ ስለነበር፣ እነዚህ የታላቅ ኩባንያ ወኪሎች በባቡር ውስጥ ምግብ የሚቀርብላቸው ከመጋረጃ ጀርባ ነበር። ሆቴል አይቀበላቸውም፤ ስለዚህ በጥቁር ቤተሰቦች ቤት ያድራሉ። በየከተማው የጠርሙስ መሙያ ፋብሪካ ያላቸው ነጭ ባለቤቶችም ሁሉም በደስታ አልተቀበሏቸውም። ያም ሆኖ ቡድኑ በተሰማራባቸው ከተሞች የፔፕሲ ሽያጭ ከፍ አለ።

ከሁሉ የከፋው ፈተና ግን የመጣው ከራሱ ከኩባንያው አናት ነበር። በ1949 በኒውዮርክ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል የጠርሙስ መሙያ ፋብሪካ ባለቤቶች ተሰብስበው ሳለ፣ ዋልተር ማክ ፔፕሲ የጥቁሮች መጠጥ ተብሎ እንዳይታወቅ እንደሚሹ፣ ያውም በስድብ ቃል፣ ተናገሩ። በር የከፈቱላቸው ሰው በዚያው አንደበታቸው ደንበኞቻቸውን አዋረዱ። ቦይድ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ጉባኤው እያያቸው አዳራሹን ለቀው ወጡ። ሥራቸውን ግን አልለቀቁም። የቀጠሯቸውን ወጣቶች ይዘው ወደ ገበያው ተመለሱ።

በ1950 ማክ ከአመራር ተነሡና አልፍሬድ ስቲል ተተኩ። በ1951 ልዩ የሽያጭ ቡድኑ ፈረሰ፤ ቦይድም ከኩባንያው ወጡ። ከዚያ በኋላ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች፣ ኬር በተባለው የእርዳታ ድርጅት ጭምር አገልግለዋል። በፔፕሲ የቆዩት ለአራት ዓመት ያህል ብቻ ነው።

በአራት ዓመት ምን እንደተዘራ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ከቦይድ ምልምሎች አንዱ የነበሩት ሃርቪ ራስል በኩባንያው ቆይተው በ1962 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያ ደረጃ በአንድ ታላቅ ዓለም አቀፍ ኩባንያ ከፍተኛ አመራር ላይ የተቀመጠ ጥቁር አሜሪካዊ ብርቅ ነበር። ሹመቱን የተቃወመው ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የዘረኞች ማኅበር ሰው ፔፕሲ እንዳይጠጣ ቀሰቀሰ፤ ኩባንያው ግን ሹመቱን አልሰረዘም።

ገዢን በራሱ ቋንቋና በራሱ ክብር የማነጋገሩ ጥበብ በጁባም ተሞክሯል። ኤስኤቢሚለር የተባለው ኩባንያ በ2009 በከተማዋ የቢራ ፋብሪካ ሲከፍት ለምርቱ የሰጠው ስም ዋይት ቡል፣ ማለትም ነጭ በሬ፣ ነበር። ከብት ሀብትም፣ ጥሎሽም፣ ማዕረግም በሆነበት አገር የስሙ ትርጉም ለማንም አልጠፋም። የሆነ ሆኖ ጦርነቱ ባስከተለው የውጭ ምንዛሬ እጥረት ፋብሪካው በ2016 ቢራ መጥመቁን አቆመ። ፋብሪካ ሲዘጋ መሣሪያው ይቆማል፤ በውስጡ ሙያ የተማረ ሰው ግን ዕውቀቱን ይዞ ይወጣል። የቦይድ ቡድን ከፈረሰ በኋላ የሆነውም ይኸው ነበር። በአንድ ወር ትእዛዝ ወንበር ማስለቀቅ ይቻላል፤ በወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ማብቃት ግን ዓመታትና የሚያሠለጥን ሰው ይጠይቃል።

የቦይድና የባልደረቦቻቸው ታሪክ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ተዘንግቶ ቆየ። ጋዜጠኛ ስቴፋኒ ካፓሬል ስለ ቡድኑ የጻፉት መጽሐፍ በጥር 2007 ታተመ። ቦይድ መጽሐፉን ለማየት በቁ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 30 ቀን፣ በ92 ዓመታቸው፣ በሎስ አንጀለስ አረፉ።