ከፋኖሷ ጀርባ ያለችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል

በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን የዓለም የነርሶች ቀን ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው የፍሎረንስ ናይቲንጌል የልደት ቀን በመሆኑ ነው። ስሟ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊት የሚደቀነው በጨለማ ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መሐል የምትመላለስ ሴት ምስል ነው። ምስሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከሥራዋ ዋናውን ይሸፍንብናል። ይህቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ስትጨነቅ የኖረችው ሐኪሙ ቢላዋውን ከማንሳቱ በፊት ስላሉት ሰዓታትና ቢላዋውን ካስቀመጠ በኋላ ስላሉት ቀናት ነበር።

ፍሎረንስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1820 በጣሊያኗ የፍሎረንስ ከተማ ነው። ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። ቤተሰቦቿ እንግሊዛውያን ባለፀጎች ነበሩ። አባቷ ራሱ ቋንቋዎችን፣ ታሪክንና ፍልስፍናን አስተማራት። በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደጠራት አመነች። ነርስ እሆናለሁ ስትል ግን ቤቱ ተናወጠ። በዚያ ዘመን ነርስነት የድሆች፣ ስማቸውም በመጠጥ የሚነሳ ሴቶች ሥራ ተደርጎ ይታይ ስለነበር የጨዋ ልጅ አይነካውም። ለዓመታት የጠየቃትን ሰው አላገባም ብላ፣ ከእናትና እህቷ ጋር ስትሟገት ኖራ፣ በመጨረሻ በ1851 ጀርመን አገር ካይዘርስቨርት በተባለ ቦታ ለሦስት ወር ያህል ሠለጠነች። ያን ጊዜ 31 ዓመቷ ነበር።

በ1853 በለንደን ሀርሊ ጎዳና የአንድ አነስተኛ የሴቶች ሕክምና ቤት ኃላፊ ሆነች። መጀመሪያ ከጠየቀቻቸው ነገሮች መካከል ሙቅ ውኃ በየፎቁ እንዲደርስ፣ ምግብ ወደ ላይ የሚያወጣ ማንሻ እንዲተከልና ሕሙማን የሚደውሉት ደወል ማን እንደጠራ በሚያሳይ መልኩ እንዲሠራ የሚሉት ይገኙበታል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ከቀዶ ጥገና በኋላ ተኝቶ ውኃ የጠማው ሰው ግን ደወሉ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ያውቀዋል።

በ1854 እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጎን ሆነው ሩሲያን በክሪሚያ ይወጉ ነበር። የእንግሊዝ ቁስለኞች በመርከብ ጥቁር ባሕርን ተሻግረው የሚራገፉት ከኢስታንቡል ማዶ ስኩታሪ በሚባለው ስፍራ፣ ሆስፒታል በተደረገ ግዙፍ የቱርክ ጦር ሰፈር ውስጥ ነበር። ቁስለኞቹ ተረስተዋል የሚለው ዜና በታይምስ ጋዜጣ ሲወጣ ሕዝቡ ተቆጣ። ሚኒስትሩ ሲድኒ ኸርበርት ወዳጁን ፍሎረንስን ለመናት፤ 38 ሴቶችን አስከትላ ኅዳር ወር መግቢያ ላይ ደረሰች።

እዚያ ካየቻቸው ነገሮች አንዱ ዕረፍት ነሳት። የቁስለኞች እግርና እጅ የሚቆረጠው ሌሎቹ በተኙበት አዳራሽ፣ በዓይናቸው ፊት ነበር። ነገ ተራው የሆነ ወታደር ዛሬ ጓደኛው ቢላዋ ሥር ሲሞት ያያል። ማደንዘዣ ከተገኘ ገና ስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ የጦሩ ሐኪሞች አለቃ ጆን ሆል ደግሞ ክሎሮፎርም በከባድ ቁስለኞች ላይ እንዳይደፈር አስጠንቅቆ ነበር። ፍሎረንስ ከከተማው መከለያ አስመጣች። ለንደን ላለ አንድ ሐኪም በላከችው ደብዳቤም ይህን ማየት ተራ ጠባቂውን እንደሚያስደነግጠው ብቻ ሳይሆን የመዳን ዕድሉንም እንደሚቀንስ ገልጻለች። ይህን ያለችው ደብዳቤው በተጻፈበት በ1854 ነው!

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለጨጓራ ምርመራ ሳይበላ ሳይጠጣ አድሮ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ተቀምጦ ያውቃል። በጉሮሮ ቱቦ እንደሚገባ የነገሩት አጠገቡ የተቀመጡ አዛውንት ታካሚ ናቸው። ከምርመራው ይልቅ የከበደው ያ አንድ ሰዓት ነበር። መከለያ በአገሩ ሞልቷል፤ የሚያስረዳ ሰው ነው የጠፋው።

ወደ ስኩታሪ እንመለስ። ማታ ማታ ይዛው የምትዞረው መብራት ሻማ ውስጡ የሚበራበት የቱርክ ፋኖስ ነበር፤ ቱርኮቹም ስሙን ፋኖስ ይሉታል። ጋዜጦቹ ስለ ፋኖሱ ሲጽፉ ሰዉ ግን በገፍ ይሞት ነበር። በዚያ ክረምት ብቻ ከ4 ሺህ በላይ ወታደሮች አለቁ። አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን ተቅማጥ፣ ኮሌራና ተስቦ ነው። በየካቲት 1855 ከ100 ታካሚ 42ቱ ሞተዋል። ሕንፃው የቆመው በተደፈነ የፍሳሽ መስመር ላይ ነበርና ከለንደን የመጣ የጤና ጥበቃ ቡድን በመጋቢት ወር መስመሩን አጥቦ፣ አየር ማስገቢያ ከፍቶ ሲያጸዳው የሟቹ ቁጥር በጥቂት ወራት ከ100 ወደ ሁለት ግድም ወረደ።

ፍሎረንስ በወቅቱ ጥፋቱ የምግብና የልብስ እጥረት ይመስላት ነበር። እውነቱን የተረዳችው ከጦርነቱ በኋላ ከስታቲስቲክስ አዋቂው ዊልያም ፋር ጋር ቁጥሮቹን ስትመረምር ነው። ፋኖስ ይዛ ስታጽናናቸው የነበሩት ሰዎች ከሥራቸው ባለው ቆሻሻ ይሞቱ እንደነበር ማወቅ ምን እንደሚያህል መገመት አያስቸግርም። ሌላ ሰው ቢሆን ዝናውን ታቅፎ ዝም ይል ነበር። እርሷ ግን አኃዙን በቀለም ሥዕል አስደግፋ በ1858 አሳተመችው። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች።

ክሪሚያ ሳለች የያዛት ትኩሳትም አልለቀቃትም። ከ1857 ጀምሮ አብዛኛውን ዘመኗን ያሳለፈችው አልጋ ላይ ነው። እንግዲህ በ1859 ስለ ነርሲንግ የጻፈችው ትንሽ መጽሐፍ የበሽተኛም መጽሐፍ ነው። ፍርሃት፣ ጥርጣሬና መጠበቅ በሽተኛን ከድካም የበለጠ እንደሚጎዱት ትናገራለች። ሐኪምና ቤተ ዘመድ በር ላይ ቆመው ማንሾካሾካቸውን ትጠላለች። በመጀመሪያ እንቅልፉ ላይ ያለን ሕመምተኛ መቀስቀስ፣ አልጋው ላይ መደገፍ፣ ያልተበላ ምግብ አጠገቡ ትቶ መሄድ፣ ጠያቂዎች ከላይ ከላይ ትድናለህ እያሉ ማድከማቸው፤ ሁሉንም ትዘረዝራቸዋለች። ባዶ ማጽናኛ የበሽተኛውን ጭንቀት ውስጥ ለውስጥ ከማስቀረት በቀር ጥቅም የለውም ባይ ናት። በእኛ አገር አስታማሚ የሆነ ሁሉ እዚህ ላይ ራሱን ያገኛል፤ አንዳንዱ ምክር ያናድደውም ይሆናል።

በ1863 በታተመው ስለ ሆስፒታሎች በጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ጋር ተያይዛ ስለምትገኝ ትንሽ ክፍል ጽፋለች። በአንዳንድ የገጠር ሆስፒታሎች ታካሚው ከቀዶ ጥገናው ድንጋጤ እስኪያገግም የሚቆየው እዚያ ነበር። ዛሬ የማገገሚያ ክፍል የምንለው ሲነሳ የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ገጽ ይጠቅሳሉ። በዚሁ መጽሐፍ ሆስፒታሎች ስለ እያንዳንዱ ቀዶ ጥገና የታካሚውን ዕድሜ፣ የተከተለውን ችግርና ውጤቱን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘግቡ ጠይቃለች። ቢላዋው በደንብ ስለቆረጠ ብቻ ሥራው ተሳክቷል ማለት አይቻልም ነበር ለእርሷ።

ያልተሳሳተችበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። በሽታ ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ነገር ይመጣል የሚለውን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ተከራክራዋለች፤ ጥፋቱን ሁሉ ለመጥፎ አየር ትሰጥ ነበር። ደግነቱ የምታዝዘው መስኮት ክፈቱ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ አንሶላ ቀይሩ ስለነበር ምክንያቱ ቢሳሳትም በሽተኛው ተጠቅሟል።

ሕዝቡ ለክብሯ ባዋጣው ገንዘብ በ1860 ለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተመራቂዎቹ ወደ አውስትራሊያና ካናዳ ሳይቀር ተበተኑ። በ1907 የንጉሡን ከፍተኛ የክብር ኒሻን ስትቀበል የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ዓይኗ ታውሯል፤ አእምሮዋም ደክሟል። ነሐሴ 13 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. በ90 ዓመቷ ለንደን በሚገኘው ቤቷ አረፈች። በዌስትሚኒስተር ገዳም ከታላላቆቹ ጋር ትቀበር ቢባልም ቤተሰቧ አልተቀበለም። ሀምፕሻየር ውስጥ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጸድ ከወላጆቿ ጋር ተቀበረች። ሐውልቱ ላይ ስሟ እንኳ በሙሉ አልተጻፈም፤ የስሟ ሁለት የመነሻ ፊደላትና የተወለደችበትና የሞተችበት ቀን ብቻ ተቀርጿል።