ኢማም አል-ገዛሊና የተሳሰረው ምላስ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዳባት ጦርነትን በወሬ ብቻ አልሰማችም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በወረዳዋ፣ ጭና በሚባለው ቀበሌ፣ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያች ከተማ ሱቅ ያለው አንድ ሙስሊም ወጣት ከዚህ በኋላ እንቅልፍ እንደራቀው አጫወተኝ። በጸጥታ ተቀምጦ እስትንፋስን መከታተል ልብን ያረጋጋል ሲባል ሰምቷል። ይህ በዲናችን ቦታ አለው ወይ? የተረጋጋስ ሰው የሚኖረው ለምን እንደሆነ ያውቃል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይከብዳል። እኔም የኢማም አቡ ሓሚድ አል-ገዛሊን (ረሒመሁላህ) ሕይወት ነገርኩት።

ኢማሙ በ450 ዓመተ ሂጅራ (1058 እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ኢራን፣ ጡስ ላይ ተወለዱ። ድሃው አባታቸው ሲሞቱ ሁለቱን ልጆች ለአንድ ሱፊ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። የተተወላቸው ገንዘብ ሲያልቅ ባለአደራው ተማሪ ወደሚቀለብበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው ይባላል። እንግዲህ ዕውቀትን የጀመሩት ለእንጀራ ነው።

በ484 (1091) ወዚሩ ኒዛም አል-ሙልክ በባግዳድ ኒዛሚያ መድረሳ መምህር አድርገው ሾሟቸው። ገና 33 ዓመታቸው ነበር፤ 300 ያህል ተማሪ ይሰማቸዋል። በዓመቱ ወዚሩ ተገደሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሱልጣን መሊክ ሻህ ሞቱ።

በ488 (1095) ኢማሙ ሥራቸውን መረመሩ። ከሁሉ የሚሻለው ማስተማራቸው ነበር፤ እሱም ለአላህ ሳይሆን ለዝና ሆኖ አገኙት። ስድስት ወር ያህል ልሂድ ልቅር ሲሉ ቆዩ። ጠዋት የወሰኑትን ማታ ይተዉታል። በመጨረሻ ምላሳቸው ተሳሰረ፤ በተማሪዎች ፊት ቃል መናገር አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አለ። ሐኪሞቹ ሕመሙ ከልብ የመጣ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ዛሬ ቢሆን ጥቂት ዕረፍት ውሰዱ ይባሉ ነበር!

ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ሌላውን ገንዘብ በተኑ፤ ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው ሻም ገቡ። በደማስቆ ታላቅ መስጊድ ሚናራ ላይ በር ዘግተው ይውሉ ነበር። በአል-ኸሊል፣ በነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) መቃብር ዘንድ፣ የሱልጣን ገንዘብ ላለመቀበል፣ ወደ ሱልጣን ደጅ ላለመሄድና ላለመከራከር ቃል ገቡ።

ኢሕያእ ዑሉሙ-ዲን የተሰኘው ኪታባቸው ከዚህ ዘመን የተገኘ ነው። ከ40ዎቹ ክፍሎች 38ኛው ስለ ሙራቀባና ሙሐሰባ ያስተምራል። ነፍሲያን የንግድ ሸሪክ ያደርጋታል፦ ከሱብሂ በኋላ ውል ትገባለህ፣ ቀኑን ትጠብቃታለህ፣ ማታ ሒሳቧን ትቀበላለህ፤ ካጎደለች ትቀጣታለህ። የዳባቱ ባለሱቅ ይህን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ የዱቤ መዝገቡን በየማታው ያገላብጣል።

አንዳንድ ወንድሞች ኪታቡ ደካማ ሐዲሶች አሉበት ይላሉ። እውነት ነው፤ ኋላ ሓፊዝ አል-ዒራቂ አንድ በአንድ አጣርተዋቸዋል። በአንዳሉስ ደግሞ ኢማሙ በሕይወት እያሉ በ503 (1109) ኪታቡ በቁርጡባ ተቃጥሏል። ይህ ሁሉ ግን የማታውን ሒሳብ አያስቀርልንም።

እስትንፋስን መከታተል ሐራም ነው አላልኩም፤ ለደነገጠ ሰው ጥቂት ያሳርፈው ይሆናል። የሚጎድለው የሚመለከተን ጌታ ነው። ሙራቀባ አላህ (ሱ.ወ.) እያየኝ ነው ብሎ መዋል እንጂ ዕረፍት ለማግኘት የሚደረግ ልምምድ አይደለም። ኢማሙንማ ራሳቸውን መመርመራቸው በቅድሚያ አሳመማቸው። እንቅልፍ ላጣው ወንድሜ ይህን ሳልደብቅ ነገርኩት።

ኢማሙ ከሰው ሸሽተውም አልቀሩም። የልጆቻቸው ናፍቆት ወደ አገራቸው መለሳቸው። በ499 (1106) የኒዛም አል-ሙልክ ልጅ ስለጠየቋቸው በኒሻፑር እንደገና ወንበር ዘረጉ፤ ኋላም ጡስ ላይ ከቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ፣ ለሱፊዎችም ማረፊያ ሠሩ። በጁማደል አኺር 14 ቀን 505 (ታኅሣሥ 1111 እ.ኤ.አ.)፣ ሰኞ ጠዋት፣ ዉዱእ አድርገው ሰገዱ፤ ከፈናቸውን አስመጥተው ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙረው ተጋደሙ። ይህን ያወራው በባግዳድ በቦታቸው ያስተምር የነበረው ወንድማቸው አሕመድ ነው። ልጆቻቸው ሴቶች ብቻ ነበሩ።